ከኋላ ሲረዝም ከፊት ይከፈታል

ከዚህ በታች የቀረበው ምልልስ በአንድ የሒሳብ መምህርና በቀድሞ ተማሪው መካከል የተደረገ ነው። ተማሪዋ ዛሬ የጥርስ አሰላለፍ ሐኪም ናት። የመምህሩ ልጅ ማኅሌት 11 ዓመቷ ነው። ስትነክስ የኋላ ጥርሶቿ ይገጥማሉ፤ የፊቶቹ ግን አይደራረሱም፤ በመካከላቸው 4 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት አለ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መምህሩ፦ እስቲ ግልጹን ንገሪኝ። ይህን ክፍተት በሽቦ ስቦ መዝጋት አይቻልም? የጎረቤታችን ልጅ ብሬስ ታስሮላት ጥርሷ ተስተካክሏል። የማኅሌት ደግሞ የተራራቁት የፊቶቹ ብቻ ናቸው። የላዩን ወደ ታች፣ የታቹን ወደ ላይ መሳብ ነው እንጂ ሌላ ምን አለው?

ሐኪሟ፦ ይቻላል ቲቸር፤ ብዙ ቦታም ይደረጋል። እኔን የሚያሳስበኝ ክፍተቱ የሚታየው ከፊት ቢሆንም መነሻው ሌላ ቦታ ሊሆን መቻሉ ነው። ማኅሌት ዳቦ በፊት ጥርሷ መግመጥ አትችልም፤ ክር በጥርሷ መበጠስ አትችልም። ስለዚህ የሁሉም ዓይን እዚያው ላይ ያርፋል። እኔ ግን አስቀድሜ የማየው የመንጋጋ ጥርሶቿን ቁመት ነው።

መምህሩ፦ የኋላዎቹማ ይገጥማሉ አይደል?

ሐኪሟ፦ ይገጥማሉ፤ ምናልባት ከሚገባው ቀድመው። የታችኛው መንጋጋ ከጆሮ ፊት ለፊት ባለው መገጣጠሚያ ላይ የሚዞር አጥንት ነው። አፍ ሲዘጋ መጀመሪያ የሚገናኙት ጥርሶች መዝጋቱን እዚያው ላይ ያስቆሙታል። በር ማጠፊያው አጠገብ ትንሽ ጠጠር ቢገባበት እጀታው ባለበት በኩል ምን ያህል ገርበብ ብሎ እንደሚቀር ያውቃሉ።

መምህሩ፦ ይህማ የተመሳሳይ ሦስት ማዕዘኖች ጉዳይ ነው። ርቀቶቹን ስጪኝ።

ሐኪሟ፦ በአዋቂ ሰው ከመገጣጠሚያው እስከ ታችኞቹ የፊት ጥርሶች ጫፍ 10 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ቦንዊል የሚባል አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለቱ መገጣጠሚያዎችና የፊት ጥርሶቹ መሃል የሚሠሩትን ሦስት ማዕዘን ጎኖቹ እኩል፣ እያንዳንዳቸውም 4 ኢንች ገደማ ናቸው ብሎ ነበር። የመጀመሪያው መንጋጋ ጥርስ የሚገኘው ከመገጣጠሚያው ተነሥቶ በዚያ ርቀት ግማሽ ላይ ወይም ትንሽ አለፍ ብሎ ነው።

መምህሩ፦ እንግዲያው ከኋላ 1 ሚሊሜትር ቢጨምር ከፊት 2 ሚሊሜትር ገደማ ይከፍታል። የማኅሌት 4 ሚሊሜትር ከኋላ 2 ሚሊሜትር ብቻ ነው ማለት ነው።

ሐኪሟ፦ በግምት አዎ። እኛም በሥራችን አንድ ለሁለት፣ አንዳንዴም አንድ ለሦስት ብለን ነው የምናስበው። ሰው ለማመን የሚቸገረውም ይህንኑ ነው። ከኋላ ያለው 2 ሚሊሜትር በመስታወት አይታይም፤ ፊትን ግን ይለውጣል። መንጋጋው ሲከፈት ወደ ታች ብቻ አይወርድም፤ ወደ ኋላም ይዞራል። አገጭ ወደ አንገት ይሸሻል፣ ከአፍንጫ በታች ያለው የፊት ክፍል ይረዝማል፣ ከንፈሮቹም ያለ ጥረት አይገጥሙም። አገጩ ትንሽ ነው የተባለ ስንት ልጅ አለ መሰልዎት፤ አጥንቱ ሲለካ ግን ምንም አላነሰም፣ ወደ ኋላ ዞሮ ነው እንጂ።

መምህሩ፦ ይህ ሁሉ በምን ይለካል? አፍ ውስጥ ማስመሪያ አይገባ።

ሐኪሟ፦ ከጎን በሚነሣ የጭንቅላት ራጅ ነው። ጭንቅላቱ በመያዣ ጸንቶ፣ ከራጅ ማሽኑ ያለው ርቀት ሳይለወጥ ይነሣል፤ ስለዚህ የዘንድሮውን ከከርሞው ማወዳደር ይቻላል። ዘዴውን በ1931 ብሮድቤንት በአሜሪካ፣ ሆፍራት ደግሞ በጀርመን በየፊናቸው አወጡት። በዚያ ራጅ ላይ ለላይኛው መንጋጋ ጥርስ መነሻችን የላንቃው አጥንት ነው፤ ከእሱ እስከ ጥርሱ ጫፍ በቀጥታ እንለካለን። ለታችኛው ደግሞ ከመንጋጋው አጥንት የታች ጠርዝ ተነሥተን ወደ ላይ እንለካለን። በማኅሌት ዕድሜ የላይኛው ከ20 ሚሊሜትር ብዙም አይርቅም፤ የታችኛው ወደ 30 ይጠጋል።

መምህሩ፦ እንዲህ ክፍት በሆነባቸው ልጆች ሁሉ የኋላው ረጅም ነው?

ሐኪሟ፦ አይደለም፤ ነገሩ የሚወሳሰበውም እዚህ ላይ ነው። ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ፤ አንደኛው የፊት ርዝመት፣ ሁለተኛው የፊት ጥርሶች መግጠምና አለመግጠም። ሰው አንድ አድርጎ ያያቸዋል። የመንጋጋ ጥርስ ቁመት አብሮ የሚሄደው ከፊት ርዝመት ጋር ነው። በ1994 በቶሮንቶ ጃንሰንና ባልደረቦቹ የ12 ዓመት ልጆችን ራጅ ለክተው ነበር። የታችኛው የፊታቸው ክፍል የረዘመ፣ መካከለኛ የሆነና ያጠረ ብለው ለዩአቸው። ረጅም ፊት ያላቸው ልጆች የኋላ ጥርሶቻቸው በአጥንቱ ላይ ከፍ ብለው ተገኙ። የፊት ጥርሶቻቸውም እንደዚያው።

መምህሩ፦ የፊቶቹም? ታዲያ ክፍተቱ ከየት ይመጣል?

ሐኪሟ፦ ትልቁ ጉዳይ ይኸው ነው። ጥርስ ተጓዳኙን እስኪያገኝ ድረስ ማደጉን አይተውም። ኋላው ሲረዝምና መንጋጋው ሲከፈት የፊት ጥርሶች ከነአጥንታቸው እየረዘሙ ይከተላሉ። ብዙ ጊዜ ይደርሳሉ፤ ስለዚህ ፊቱ ረጅም ሆኖ ንክሻው የተዘጋ ሰው ብዙ ነው። አንዳንዱ ላይ ግን ምላስ በመካከል ይገባል፣ ወይም ርቀቱ ከአቅማቸው በላይ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ክፍተቱ ይታያል። በሌላ በኩል ደግሞ የመንጋጋ ጥርሶቹ ቁመት ልክ ሆኖ ጣት በመጥባት ብቻ ከፊት የተከፈተ ልጅ አለ። ጣቱ የፊት ጥርሶችን አግዶ ይይዛል። ልማዱ በጊዜ ከቀረ ብዙ ጊዜ ክፍተቱ በራሱ ይዘጋል። አፋቸውን ከፍተው ሲታዩ ሁለቱ ልጆች አንድ ናቸው፤ ራጁ ላይ ግን አይገናኙም።

መምህሩ፦ ማኅሌት ጣት አልጠባችም።

ሐኪሟ፦ እናቷም ነግራኛለች። ለዚህ ነው ወደ ኋላዎቹ የማዘነብለው።

መምህሩ፦ ጥርስ ማደጉን አይተውም ያልሽውን ልመለስበት። በወጣትነቴ የታችኛውን አንዱን መንጋጋ ጥርሴን አስነቅያለሁ። ጥርስ ሲያም ሌላ መፍትሔ የሚያውቅ ሰው በአካባቢያችን አልነበረም። አሁን ከላይ በኩል ያለው ጥርስ ወርዶ ክፍተቱን ሊሞላው ምንም አልቀረው።

ሐኪሟ፦ ማስረጃው በአፍዎ ውስጥ አለ ማለት ነው። ተጓዳኙን ያጣ ጥርስ በጉልምስናም ቢሆን ይወርዳል። በልጅ ላይ ሲሆን ፍጥነቱ ሌላ ነው። ፕሮፊት የሚባል አሜሪካዊ የዘርፉ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በመብቀል ላይ ያለ ጥርስን ሌት ከቀን ተከታትሎ ያየው ነገር ያስደንቃል። ገና ተጓዳኙን ያላገኘ ጥርስ ወደ ላይ የሚራመደው በአብዛኛው ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ባለው ጊዜ ነው። ስናኝክ ጥርስ ላይ የሚያርፈው ኃይል ከባድ ቢሆንም አፍታ ነው። ምላስ፣ ከንፈርና ጉንጭ በእረፍት ጊዜ ቀኑንም ሌሊቱንም የሚያሳርፉት ቀላል ጫና የበለጠ ይወስናል።

መምህሩ፦ እንግዲያው አፏን ከፍታ የምትተኛ ልጅ...

ሐኪሟ፦ አዎ። እናቷ ታንኮራፋለች ብላኛለች። አፍ ክፍት ሆኖ ሲያድር የኋላ ጥርሶች አይነካኩም፤ ምላስም ከላንቃ ወርዶ ታች ይተኛል። ጥርሶቹን የሚያቆማቸው ነገር ይቀንሳል። ሃርቮልድ የሚባል ተመራማሪ በካሊፎርኒያ የጦጣዎችን አፍንጫ ዘግቶ በአፋቸው እንዲተነፍሱ አድርጎ ነበር። መንጋጋቸው ወረደ፣ ጥርሶቻቸውም አደጉ። ንክሻቸው ሁሉ ተበላሸ፤ ግን አንዱ እንደ ሌላው አልተበላሸም፤ እያንዳንዱ ጦጣ አፉን የሚከፍትበት መንገድ የተለየ ስለነበር። በሰው ልጅ ላይ ያለው መረጃ ከዚህ የለሰለሰ ነው። በስዊድን ሊንደር አሮንሰን የሚባል ተመራማሪ ከአፍንጫ ጀርባ ያለው እጢ የወጣላቸውን ልጆች ተከታትሎ፣ በአፍንጫቸው መተንፈስ ሲጀምሩ የመንጋጋቸው እድገት ወደ ፊት ማዘንበሉን አይቷል። ይህ ግን በአማካይ ነው፤ እያንዳንዱ ልጅ ላይ አይሠራም። ረጅም ፊት በዘርም ይመጣል። ስለዚህ እጢዋ ቢወጣ ጥርሷ ይገጥማል ብዬ ቃል አልገባልዎትም። ዕንቅልፏ ቢሻሻል ግን እሱ ብቻውን ይበቃል።

መምህሩ፦ አንድ ነገር አልገባኝም። ሁሉም ልጅ ሲያድግ መንጋጋ ጥርሱ ይረዝማል። ለምን ሁሉም አይከፈትም?

ሐኪሟ፦ ይህን ጥያቄ በ1960ዎቹ አጋማሽ በሂዩስተን ሹዲ የሚባል ሐኪም በደንብ መልሶታል። ከጆሮ ሥር ወደ መንጋጋ ጥግ የሚወርደው ቋሚ አጥንትም ያድጋል። እሱ ሲያድግ የታችኛው መንጋጋ ከላይኛው ይርቃል፤ ጥርሶቹም የሚያድጉበት ቦታ ያገኛሉ። ከኋላ የቋሚው አጥንት እድገት፣ ከመካከል ደግሞ የላይኛው መንጋጋ መውረድና የሁለቱ መንጋጋ ጥርሶች እድገት አለ...

መምህሩ፦ እኩል ከሆኑ መንጋጋው ሳይዞር ቀጥ ብሎ ይወርዳል። የመካከሉ ከበለጠ ይከፈታል። ቋሚው ከበለጠ ደግሞ ይዘጋል፣ አገጭም ወደ ፊት ይመጣል። የሚወስነው ልዩነታቸው ነው።

ሐኪሟ፦ ቃል በቃል እንደዚያ ነው ያለው። በኮፐንሀገን ደግሞ ብዮርክ የሚባል ተመራማሪ ከ1950ዎቹ ጀምሮ በልጆች መንጋጋ አጥንት ውስጥ ጥቃቅን የብረት መርፌዎች አስገብቶ በየዓመቱ በራጅ ተከታተላቸው። መርፌዎቹ በአጥንቱ ውስጥ ቦታቸውን አይለቁም፤ ስለዚህ ቋሚ ምልክት ሆኑለት። መንጋጋው ከውጭ ከሚታየው እጅግ አብልጦ እንደሚዞር ያረጋገጠው እሱ ነው። አጥንቱ ሲዞር የታች ጠርዙ እየተሟጠጠና እየተሞላ ስለሚስተካከል ዙሩ ይሸፈናል። ብዙ ልጅ ወደ ፊት ነው የሚዞረው። ወደ ኋላ የሚዞሩት ጥቂቶች ናቸው፤ የእኛ ጭንቀትም እነሱ ላይ ነው።

መምህሩ፦ ስለ ማኅሌት ሌላ ሐኪም «አንደኛ ክፍል ናት፣ ቀላል ነው» ብሎን ነበር። ክፍሉ ምንድን ነው?

ሐኪሟ፦ የአንግል ክፍል ነው። ኤድዋርድ አንግል በ1899 ንክሻን ሁሉ በሦስት ከፈለ። መለያው የመጀመሪያው መንጋጋ ጥርስ ነው፤ የታችኛው ከላይኛው ጋር በቦታው ከገጠመ አንደኛ፣ ወደ ኋላ ከቀረ ሁለተኛ፣ ወደ ፊት ካለፈ ሦስተኛ። ጠቃሚ ነው፣ ዛሬም የዓለም ሐኪም ሁሉ የሚግባባበት ነው። ነገር ግን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ ነው የሚያየው። ስለ ቁመት አንድም ነገር አይነግርም። አንደኛ ክፍል ስለሆነች ቀላል ነው ማለት ያናድደኛል ቲቸር፤ ግማሹን ሳይለኩ መፍረድ ነው።

መምህሩ፦ በየክፍሉ ቁመቱ ምን ይመስላል?

ሐኪሟ፦ በየክፍሉ ውስጥ ሁሉም ዓይነት አለ። ሁለተኛው ክፍል ራሱ ሁለት ነው። በአንዱ የላይኞቹ የፊት ጥርሶች ወደ ውጭ ይወጣሉ፤ እዚያ ውስጥ ረጅም ፊት ያለውም አጭር ፊት ያለውም ይገኛል። በሌላው የመሃል ጥርሶቹ ወደ ውስጥ ይጋደማሉ፤ እነዚህ በብዛት ፊታቸው አጠር፣ መንጋጋቸው ሰፋ ያለ ነው፤ የላይኛው ጥርስ የታችኛውን ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል። ሦስተኛው ክፍልም እንዲሁ ነው፤ አገጩ ወደ ፊት ወጥቶ ፊቱ ያጠረ አለ፣ ረዝሞ ከፊት የተከፈተም አለ። እንግዲህ ያስቡት፦ ሁለቱን የሦስተኛ ክፍል ሰዎች በአንድ መንገድ ብናክማቸው፣ ከኋላ ብናስረዝም፣ ባለ አጭር ፊቱ ይጠቀማል፤ አገጩ ዞሮ ወደ ኋላ ይመለስለታል። ሌላው ግን ክፍተቱ ይብስበታል። የመንጋጋ ጥርስን ቁመት አብልጦ የሚናገረው የፊቱ ርዝመት ነው፤ የአንግል ቁጥር አይደለም። ልዩነቱም በይበልጥ ጎልቶ የሚታየው በላይኛው መንጋጋ ጥርስ ላይ ነው።

መምህሩ፦ ልዩነቱ ትልቅ ነው?

ሐኪሟ፦ በአማካይ ጥቂት ሚሊሜትር ነው፤ መለኪያዎቹም ይደራረባሉ። ቁመቱ ብዙ ሆኖ ቋሚ አጥንቱም ረጅም ስለሆነ ፊቱ የተመጣጠነ ሰው አለ። ቁጥሩን ብቻ አይቼ መወሰን አልችልም፤ የእያንዳንዱን ልጅ ከራሱ ፊት ጋር አስተያያለሁ።

መምህሩ፦ የተገላቢጦሹስ? የእኔ ታናሽ ወንድም የታችኞቹ ጥርሶቹ ላንቃውን እየነኩ ያቆስሉት ነበር።

ሐኪሟ፦ ጥልቅ ንክሻ ነው። እዚያም ያው ጥያቄ አለ። አንዱ ሰው የኋላዎቹ አጭር ስለሆኑ መንጋጋው ከልክ በላይ ይዘጋል፤ ፊቱ ያጥራል፣ የታችኛው ከንፈር ይታጠፋል። ሌላው የኋላዎቹ ልክ ናቸው፣ የፊቶቹ ግን ከልክ በላይ አድገዋል። ለመጀመሪያው፣ በተለይ ልጅ ከሆነ፣ ከላይ ፊት ጥርሶች ጀርባ ትንሽ ጠፍጣፋ ፕላስቲክ እናደርግለታለን። ሲነክስ ታችኞቹ ፊት ጥርሶች እሱን ብቻ ይነካሉ፤ የኋላዎቹ ይለያያሉ፣ ቀስ እያሉም ያድጋሉ። ለሁለተኛው ግን የፊቶቹን ወደ አጥንታቸው መመለስ ነው። ከተቀላቀለ ከባድ ነው።

መምህሩ፦ የማኅሌት ደግሞ ከኋላ መቀነስ ነዋ። ጥርስ እንዴት ይቀነሳል? ይሞረዳል?

ሐኪሟ፦ አይሞረድም፤ የሚገፋው ወደ አጥንቱ ውስጥ ነው። ዱሮ ይህ የማይሞከር ነበር፤ ጥርስን ማስረዘም ቀላል ነው፣ መልሶ ማስገባት ግን የሚደገፉበት ጽኑ ነገር ይፈልጋል። በ1999 በጃፓን ሴንዳይ ያሉ ሐኪሞች ትንንሽ የታይታኒየም ሳህኖች በመንጋጋ አጥንቱ ላይ በብሎን አስረው፣ ከእነሱ ተደግፈው የታችኞቹን መንጋጋ ጥርሶች ወደ ውስጥ ሲገፉ ክፍት ንክሻ እንደሚዘጋ አሳዩ። ዛሬ ብዙ ቦታ በትንሽ ብሎን ብቻ ይሠራል። ከተገፋው ጥቂቱ ይመለሳል፤ ያን አስቀድመን እናስባለን። አዋቂ ላይ ጉዳዩ ከከበደ የላይኛው መንጋጋ በቀዶ ጥገና ተቆርጦ ወደ ላይ ከፍ ይደረጋል።

መምህሩ፦ ለ11 ዓመት ልጅ ብሎን!

ሐኪሟ፦ አሁን አይደለም። ለእሷ ዋናው ነገር የኋላዎቹ ተጨማሪ እንዳይረዝሙ መያዝ ነው። ገና ታድጋለች፤ ቋሚው አጥንቷም ያድጋል። የኋላዎቹን በቦታቸው ካቆየንላት ያ እድገት ለእሷ ይሠራል። ስለ ጡንቻ ደግሞ የሚያጽናና ውጤት አለ። ፕሮፊትና ባልደረባው ፊልድስ በ1983 ረጅም ፊት ያላቸው አዋቂዎች ሲነክሱ ኃይላቸው ከሌላው በጣም ያነሰ መሆኑን ለኩ። ልጆቹን ሲለኩ ግን ረጅም ፊት ያለውና የሌለው እኩል ነበሩ። ድክመቱ ፊቱን ያስረዘመው ላይሆን ይችላል፤ ምናልባት በኋላ የመጣ ነው።

መምህሩ፦ ልጆቹ ዘንድ ገና አልተወሰነም ማለት ነው።

ሐኪሟ፦ ቢያንስ ጡንቻቸው ገና አልተሸነፈም። አሁን የፊት ጥርሶቿን በላስቲክ ስበን ብንዘጋው ፎቶዋ ያምራል፤ ድዷ ግን በሳቀች ቁጥር ይበልጥ ይታያል፣ ፊቷ እንደረዘመ ይቀራል፣ ላስቲኩ ሲወልቅም ክፍተቱ ሊመለስ ይችላል። ሽቦውም በግዴለሽነት ከታሰረ መንጋጋ ጥርሶችን ራሱ ሊያስረዝማቸው ይችላል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ሁለተኛዎቹ መንጋጋ ጥርሶቿ ናቸው። በ12 ዓመት ገደማ ይወጣሉ።

መምህሩ፦ ከመጀመሪያዎቹ ኋላ ያሉት? እነሱማ ለማጠፊያው የባሰ ቅርብ ናቸው። አንድ ሚሊሜትራቸው ከመጀመሪያዎቹ አንድ ሚሊሜትር የበለጠ ይከፍታል።

ሐኪሟ፦ ስለዚህ ሲወጡ መጠበቅ አለብን። ቀድማ ከመጣች ቁመታቸውን የሚቆጣጠር መሣሪያ ይዘን እንጠብቃቸዋለን። ወጥተው ከረዘሙ በኋላ ከመጣች ግን ብሎኑን ነው የምንነጋገረው።

መምህሩ፦ የመጀመሪያው እርምጃ ምንድን ነው?

ሐኪሟ፦ የአንገት በላይ ሐኪም አፍንጫዋንና ጉሮሮዋን ይይላት። ከዚያ የጎን ራጁን እናነሣለን፤ በስድስት ወሩ እንደግመዋለን። የእርስዎንም የናቷንም ፊት ከጎን ላየው እፈልጋለሁ፤ የአያቶቿ ፎቶ ካለም ይዘው ይምጡ።

መምህሩ፦ ራጁን ስታነሺ ለእኔም አንድ ቅጂ ስጪኝ። ማዕዘኖቹን እኔ እለካለሁ።

ሐኪሟ፦ እሰጥዎታለሁ። የላንቃውን መስመር ግን አብረን እናስምረው፤ እሱ ከተሳሳተ ሁሉም ይሳሳታል።